የመርፌ ጫፍን ሰበቃ የለካው መሐንዲስ

ባትሪ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ የእጅ ሰዓት ፊት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ከፋብሪካው ስም በታች 17 ጁወል የሚል ጽሕፈት ሳያገኝ አይቀርም። ብዙዎች ይህ ጽሕፈት የሰዓቱን ውድነት ለማስታወቅ የተደረገ ጌጥ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሰዓቱ ሆድ ውስጥ እንደ ጠጉር የቀጠኑ የብረት ጫፎች ቀንና ሌሊት ይዞራሉ። እነዚህ ጫፎች የሚያርፉበት ቦታ ተራ ናስ ቢሆን እየተፋተገ ቶሎ ይበላል፤ ሰዓቱም መጀመሪያ ይዘገያል፤ ቀጥሎም ይቆማል። ስለዚህ ሰዓት ሠሪዎች ጫፎቹን የሚያሳርፉት ተበስቶ በተወለወለ ትንሽ የከበረ ድንጋይ ላይ ነው። ከአሥራ ሰባቱ ድንጋዮች አብዛኞቹ የሰዓቱ ኩሽኔታዎች ናቸው።

ኩሽኔታ ትልቅም ሆነ ትንሽ ሥራው አንድ ነው፤ የሚዞረውን ዘንግ ተሸክሞ ሰበቃውን መቀነስ ነው። ሰበቃ የምንለው ሁለት ነገሮች ተነካክተው አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ወይም ሲዞር እንቅስቃሴውን የሚቃወመው ኀይል ነው። ይህ ኀይል በትልቅ መኪና ላይ ሲሆን ነዳጅ ያስጨርሳል፤ ብረትም ያስበላል። በትንሽ የመለኪያ መሣሪያ ላይ ሲሆን ግን ከዚህ የከፋ ጉዳት አለው፤ መሣሪያው እውነቱን እንዳይናገር ያደርገዋል።

ግንድ የጎተተ ወይም የዛገ በር የከፈተ ሰው ሁሉ ሰበቃን ያውቀዋል። ነገር ግን ማወቅ ሌላ ነው፤ መለካትም ሌላ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ታሪኩን የምናቀርብላቸው ሰው ከግንድ ጀምሮ እስከ መርፌ ጫፍ ድረስ ሰበቃን በክብደትና በሰዓት የለካው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ኦጉስታን ደ ኩሎምብ ነው። ተማሪዎች ስሙን የሚያውቁት በኤሌክትሪክ ትምህርት ነው። እኛ ግን ወደ ኤሌክትሪክ ያደረሰው መንገድ በሰበቃ በኩል ያለፈ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና ትምህርቱ

ኩሎምብ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በአንጉሌም ከተማ በ1736 ተወለደ። አባቱ በመንግሥት አገልግሎት የሚኖር ሰው ነበር። ቤተ ሰቡ ወደ ፓሪስ ከተዛወረ በኋላ ወጣቱ ሻርል በሒሳብና በሥነ ፈለክ ትምህርት ልቡ ተማረከ። እናቱ ግን ልጅዋ ሐኪም እንዲሆን ቈርጣ ነበርና በዚህ ምክንያት ተጣሉ። አባቱም ገንዘቡን ለትርፍ ብሎ አውጥቶ ስለ ከሰረ ወደ ዘመዶቹ ከተማ ወደ ሞንፔልዬ ሄዶ ነበር። ልጁም የእናቱን ቤት ትቶ የከሰረውን አባቱን ተከተለ። በ1757 የሞንፔልዬ የሳይንስ ማኅበር የሒሳብ ችሎታውን ተመልክቶ በአባልነት ተቀበለው፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ነበር።

ይሁን እንጂ ሒሳብን መውደድ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ሀብት ለሌለው ነገር ግን ዕውቀት ላለው ወጣት በዚያ ዘመን ከተከፈቱት ጥቂት በሮች አንዱ የጦር መሐንዲስነት ነበር። ስለዚህ በ1760 በሜዚዬር ወደሚገኘው የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ምሽግ መሥራትን፣ ድንጋይ መጥረብን፣ የግንብን ክብደት ማስላትን ተማረ። በ1761 ተመርቆ በመኮንንነት ተቀጠረ።

ስምንት ዓመት በማርቲኒክ

በ1764 ኩሎምብ በካሪቢያን ባሕር ወደምትገኘው የማርቲኒክ ደሴት ተላከ። እንግሊዞች ይህችን ደሴት በ1762 ይዘዋት በማግሥቱ ዓመት በስምምነት ለፈረንሳይ መልሰዋት ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ደሴቲቱ ዳግመኛ እንዳትወሰድበት ስለ ፈራ ፎር ቡርቦን የተባለ ታላቅ ምሽግ እንዲሠራ አዘዘ። የሥራውም አብዛኛው ሸክም በዚህ ወጣት መኮንን ትከሻ ላይ ወደቀ።

ማርቲኒክ በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት የሚታረስ የሸንኮራ አገዳ አገር ነበረች። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ የቈላ በሽታም ከአውሮፓ የመጣውን ሰው ይጨርሰው ነበር። ኩሎምብ እዚያ በቈየባቸው ስምንት ዓመታት ደጋግሞ ታመመ፤ ጤንነቱም ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ነገር ግን ከመጽሐፍ ብቻ የማይገኝ ትምህርት አገኘ። በሜዚዬር የተማረው ሒሳብ ግንቡን ፍጹም ደረቅ፣ አፈሩን ፍጹም ልል፣ ገመዱን ፍጹም ለስላሳ አድርጎ ይቈጥር ነበር። በማርቲኒክ ኮረብታ ላይ ግን አፈሩ ይጣበቃል፤ ገመዱ ይገትራል፤ ድንጋዩም አልንሸራተት ይላል። መሐንዲሱ ለዚህ እምቢታ ስፍራ ያልሰጠ እንደ ሆነ ግንቡ ይፈርሳል፤ ወይም ከሚገባው በላይ ወፍሮ የመንግሥትን ገንዘብ ይጨርሳል።

በ1772 ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በማርቲኒክ ያሰባሰበውን ሐሳብ ጽፎ በ1773 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ይህ ጽሑፍ የአፈር ክምር ግንብን በምን ያህል ኀይል እንደሚገፋ ያስረዳል። አፈር ተቈርሶ እንዳይወርድ የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው ይላል። አንደኛው ሰበቃ ነው፤ ይህም የሚጫነው ክብደት በጨመረ መጠን ይጨምራል። ሁለተኛው የአፈሩ መጣበቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ክብደት ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። መንገድና ግድብ የሚሠሩ መሐንዲሶች እስከ ዛሬ ድረስ የአፈርን ጥንካሬ የሚያሰሉት በዚሁ አከፋፈል ነው። አንባቢዎቻችን ክብደትና መጣበቅ የተባሉትን እነዚህን ሁለት ነገሮች በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ በመጨረሻ ወደ እነሱ እንመለሳለንና።

ኮምፓስ ለምን ይዋሻል?

በዚያ ዘመን የሳይንስ አካዳሚው ለአገር የሚጠቅም ጥያቄ እያወጣ መልሱን ላገኘ ሰው ሽልማት ይሰጥ ነበር። ለ1777 ካወጣቸው ጥያቄዎች አንዱ የተሻለ የመግነጢስ መርፌ እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቅ ነበር። ጥያቄው የመርከበኞች ብቻ አልነበረም። የኮምፓስ መርፌ በቀን ውስጥ ጥቂት ወዲያ፣ ጥቂት ወዲህ እንደሚል ሊቃውንቱ ያውቁ ነበር። ይህ ለውጥ ከአንድ ዲግሪ ክፍልፋይ የማይበልጥ ስለሆነ በደንብ የሚያሳይ መሣሪያ ማግኘት አስቸገራቸው።

ችግሩ የነበረው መርፌው ከሚያርፍበት ጫፍ ላይ ነው። የኮምፓስ መርፌ ከመካከሉ ትንሽ ቆብ ተበጅቶለት በሹል ብረት ላይ ይቀመጣል። ብረቱ የቱንም ያህል ቢሾል ክብደት ሲያርፍበት ጫፉ ጥቂት መደደቡ አይቀርም። በዚያች በደደበችው ነጥብ ላይ ሰበቃ ይነሣል። የምድር መግነጢስ መርፌውን በጥቂቱ ሲስበው ሰበቃው አላንቀሳቅስህም ብሎ ይይዘዋል። ተመልካቹም መርፌው ቆሞ ሲያይ ምንም ለውጥ የለም ብሎ ይጽፋል። መርፌው የቆመው ግን ተይዞ እንጂ ለውጥ ስለ ሌለ አልነበረም።

ኩሎምብ ይህን ከመረመረ በኋላ መርፌውን ከብረት ጫፍ ላይ አንሥቶ በቀጭን የሐር ፈትል አንጠለጠለው። ፈትሉ ሲጠመዘዝ መርፌውን ወደ ቦታው ለመመለስ ጥቂት ይታገላል። ነገር ግን ይህ ትግል እጅግ ትንሽ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። ሰበቃ አንድ ጊዜ ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ይለቃል፤ መቼ እንደሚለቅም አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። የፈትል ጥምዘዛ ግን ጥቂት ሲዞር ጥቂት፣ ብዙ ሲዞር ብዙ ይመልሳል። ስለዚህ አስልቶ ከውጤቱ መቀነስ ይቻላል። አካዳሚው ሽልማቱን ለኩሎምብና ቫን ስዊንደን ለተባለ የሆላንድ ሊቅ አካፈላቸው።

በሮሽፎር የመርከብ ግቢ

በ1779 ኩሎምብ በአትላንቲክ ዳር ወደምትገኘው ወደ ሮሽፎር ከተማ ተመደበ። በዚያም የመንግሥት የመርከብ መሥሪያ ግቢ ነበር። አካዳሚው በዚሁ ጊዜ ስለ ሰበቃና ስለ ገመድ ግትርነት አዲስ ጥያቄ አውጥቶ ነበር። ጥያቄው በትንሽ ጠረጴዛ ላይ በሚደረግ ሙከራ ሳይሆን ለመርከብና ለወደብ ሥራ በሚያገለግል መጠን እንዲመለስ ይፈለግ ነበር።

ከኩሎምብ በፊት ሰበቃን የመረመሩ ሰዎች አልታጡም። ሌኦናርዶ ዳቪንቺ በማስታወሻ ደብተሮቹ ስለ ሰበቃ ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን አላሳተመውም። ጊዮም አሞንቶን የተባለ ፈረንሳዊ በ1699 ሁለት ነገሮችን አስታወቀ። መጀመሪያ፣ ሰበቃ ከሚጫነው ክብደት ጋራ አብሮ ያድጋል፤ ሁለተኛ፣ የሚነካካው ገጽ ሰፊም ሆነ ጠባብ ሰበቃው አይለወጥም። ሁለተኛው ነገር ለብዙዎች ሊታመን የማይችል ሆኖ ታያቸው፤ ክርክሩም ብዙ ዘመን ቈየ።

ኩሎምብ ክርክሩን በሥራ ለመጨረስ ተነሣ። ወፍራም የእንጨት መደብ አሠርቶ በላዩ የሚንሸራተት ሣንቃ አስቀመጠ። በሣንቃው ላይ በብዙ መቶ ፓውንድ የሚቈጠር ክብደት ጫነበት፤ በገመድና በበከራም ሌላ ክብደት እያንጠለጠለ ጐተተው። ኦክ የተባለውን እንጨት በኦክ ላይ፣ እንጨትን በብረት ላይ፣ ብረትን በናስ ላይ፣ በደረቁም በሞራ ተቀብቶም ሞከረ። ሣንቃው ከመጐተቱ በፊት ከሰኮንድ ክፍልፋይ እስከ ብዙ ቀናት ሳይነካ እንዲቈይ እያደረገ ለየብቻው ለካ።

ያገኘውም እንዲህ ነው። አሞንቶን የተናገረው በአብዛኛው ትክክል ነው። ቆሞ የነበረን ነገር ለማስነሣት የሚያስፈልገው ኀይል በመንሸራተት ላይ ያለውን ለመጐተት ከሚያስፈልገው ይበልጣል። በእንጨትና በእንጨት መካከል ያለው ሰበቃ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እየጨመረ ሄዶ ከዚያ ይረጋል፤ በብረትና በብረት መካከል ግን ቆይታው ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም። አንድ ጊዜ መንሸራተት ከተጀመረ ደግሞ ፍጥነቱ ቢጨምርም ሰበቃው ብዙ አይለወጥም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ልብ እንበል። ኩሎምብ ሰበቃን በሒሳብ ሲጽፈው እንደ አፈሩ ሁለት ክፍል ሰጠው። ትልቁ ክፍል ከክብደት ጋራ የሚያድገው ነው። ሁለተኛው፣ ገጾቹ በመጣበቃቸው የሚነሣው፣ እጅግ ትንሽና የማይለወጥ ነው። በሮሽፎር የመርከብ ግቢ ውስጥ ይህ ሁለተኛው ክፍል ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ኩሎምብ ግን ትንሽ ናት ብሎ አልሰረዛትም። አካዳሚው በ1781 ሽልማቱን ሰጠው፤ በዚያው ዓመትም አባሉ አድርጎ መረጠው።

እስራትና ሰዓት

ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው በተለይ በመሥሪያ ቤት ለሚያገለግሉ ወጣቶች ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በ1783 ኩሎምብ በብሬታኝ ክፍለ ሀገር ሊቈፈሩ የታሰቡትን የውኃ መንገዶችና ሊሻሻሉ የታሰቡትን ወደቦች መርምሮ እንዲያስታውቅ ታዘዘ። ዕቅዱ ብዙ ደጋፊዎች ነበሩት፤ ብዙ ገንዘብም የሚፈስበት ነበር። መሐንዲሱ ቦታውን አይቶ ጥቅሙንና ወጪውን ካመዛዘነ በኋላ ዕቅዱ የሚደገፍ አለመሆኑን ገለጠ። በዚህ ጉዳይ ከተነሣው ጠብ የተነሣ በፓሪስ አንድ ሳምንት ያህል ታሰረ። ከማዕርጉ ለመልቀቅ ቢጠይቅም አልተፈቀደለትም።

የሕይወቱ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ጉዳዩ እንደ ገና ሲመረመር ኩሎምብ ሐሳቡን አልለወጠም። በመጨረሻ የክፍለ ሀገሩ ሹማምንት እውነቱን ተረድተው ብዙ ገንዘብ ሊሰጡት አሰቡ። እሱ ግን ገንዘቡን ትቶ ሰኮንድ የሚቈጥር አንድ ጥሩ ሰዓት ብቻ ተቀበለ። ለሙከራው የሚያስፈልገው እሱ ነበርና። መቼም ሰው የሚመርጠው ስጦታ ልቡ የት እንደ ሆነ ያሳያል።

ከፈትል ወደ ኤሌክትሪክ

ኩሎምብ ኮምፓሱን ያንጠለጠለበትን ፈትል አልረሳውም። በ1784 የቀጫጭን ብረትና ናስ ሽቦዎችን ጥምዘዛ መርምሮ ሕጉን አስታወቀ። ሽቦው በእጥፍ ሲጠመዘዝ የሚመልሰው ኀይል እጥፍ ይሆናል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ኀይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግን ኀይሉ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ በጣም ቀጭን ሽቦ የተገኘ እንደ ሆነ በጣም ትንሽ ኀይል መለካት ይቻላል ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ በ1785 የታወቀውን የጥምዘዛ ሚዛን አቀረበ። በብርጭቆ በርሜል ውስጥ አንድ ቀጭን የብር ሽቦ ይንጠለጠላል፤ በሽቦው ጫፍ አግድም ዘንግ፣ በዘንጉም ጫፍ ትንሽ ኳስ አለ። ሌላ ኳስ ከአጠገቡ ተተክሏል። ሁለቱ ኳሶች አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ ሲሞሉ ተገፋፍተው 36 ዲግሪ ተራራቁ፤ የሽቦውም ጥምዘዛ 36 ዲግሪ ሆነ። ቀጥሎ ሽቦውን ከላይ በኩል 126 ዲግሪ ጠምዝዞ ኳሶቹን ወደ 18 ዲግሪ አቀረባቸው፤ ጠቅላላው ጥምዘዛ 144 ዲግሪ ሆነ። ርቀቱ ግማሽ ሲሆን ኀይሉ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። በሦስተኛው ጊዜ 567 ዲግሪ ቢጠመዝዝ ርቀቱ 8 ከግማሽ፣ ጠቅላላው ጥምዘዛ 575 ከግማሽ ሆነ፤ ይህም እንደ ገና አራት እጥፍ ገደማ ነው። ተማሪዎች የኩሎምብ ሕግ ብለው የሚያጠኑት ይህን ነው።

ይህ ዘንግ በሹል ብረት ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ሰበቃው ውጤቱን ሁሉ በዋጠው ነበር። ሕጉ የተገኘው ስለ ኮምፓስ ጫፍ ከተጨነቀ ሰው እጅ ነው።

የድንጋዮቹ ፈተና

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ክብር ላይ ያርፍ ነበር። ኩሎምብ ግን በ1790 ወደዚያችው የብረት ጫፍ ተመለሰ። ሁሉም መሣሪያ በፈትል ሊንጠለጠል አይችልም፤ በመርከብ ላይ ያለ ኮምፓስና በኪስ ያለ ሰዓት የግድ ጫፍ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ የጫፉ ሰበቃ ስንት እንደ ሆነ፣ የትኛውም ድንጋይ እንደሚሻል ማወቅ ተገባ።

ነገር ግን ይህን ያህል ትንሽ ኀይል በክብደት ጐትቶ መለካት አይቻልም። ኩሎምብ ሌላ ዘዴ አገኘ። ደወል የመሰለ የብርጭቆ ክዳን ወስዶ በመርፌ ጫፍ ላይ አስቀመጠና አሽከረከረው። በመጀመሪያ አንዱን ዙር በስንት ሰኮንድ እንደሚዞር ለካ፤ ከዚያም እስኪቆም ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቈጠረ። ሰበቃው ትንሽ ከሆነ ብዙ ይዞራል፤ ትልቅ ከሆነ ቶሎ ይቆማል። ከዙሩና ከጊዜው ተነሥቶ ሰበቃውን ማስላት ይቻላል። ሳይነኩ ዝም ብሎ እስኪቆም መጠበቅና መቍጠር ብቻ ነው።

በመርፌውና በክዳኑ መካከል የተለያዩ ነገሮች እያደረገ ፈተናቸው። ከሁሉ ያነሰ ሰበቃ የታየው ጋርኔት በሚባለው ቀይ ድንጋይ ላይ ነበር። ቀጥሎ አጌት፣ ቀጥሎ ጥርት ያለው የተራራ ክሪስታል፣ ቀጥሎ መስተዋት፣ በመጨረሻም አረብ ብረት ተከተሉ። የአረብ ብረቱ ሰበቃ ከጋርኔቱ ከእጥፍ በላይ ነበር። የመርፌው ሹልነትም እንደ ሸክሙ መለየት እንዳለበት ተረዳ፤ ቀላል ነገር የሚሸከም ጫፍ በጣም ቢሾል ይሻላል፤ ከባድ ነገር የሚሸከም ግን ቶሎ እንዳይደድብ ጥቂት ሰፋ ማለት አለበት። ሰዓት ሠሪዎች በልምድ ያውቁት የነበረው የድንጋይ ኩሽኔታ ጥቅም በቍጥር ተመሰከረ።

የመጨረሻ ዘመኑ

በዚያው ጊዜ የፈረንሳይ አብዮት ተነሥቶ ነበር። ኩሎምብ በ1791 ከጦር ሠራዊቱ ተሰናበተ። በ1793 አካዳሚው ተዘጋ። የሜትርን መለኪያ ለመወሰን ከተቋቋመው ጉባኤም እሱና ላቫዝዬን የመሰሉ ሊቃውንት ተወገዱ። ኩሎምብ ወዳጁን ቦርዳን ይዞ በብሏ አጠገብ ወዳለው ቤቱ ገለል አለ። ላቫዝዬ በ1794 አንገቱን ተቈረጠ፤ ኩሎምብ ግን ተረፈ። በ1795 ብሔራዊው ኢንስቲቱት ሲቋቋም አባል ሆኖ ተመለሰ። ከ1802 ጀምሮ የሕዝብ ትምህርት ዋና ተቈጣጣሪ ሆኖ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙ ደከመ። በ1806 በፓሪስ በሰባ ዓመቱ አረፈ። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው የኤሌክትሪክ ጉባኤ የኤሌክትሪክ ሙላት መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ወሰነ። በኤፌል ግንብ ላይ ከተጻፉት 72 ስሞችም አንዱ የሱ ነው።

ዛሬስ?

እስካሁን የተረክነው ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስል ወደ ራሳችን ዘመን እንመለስ። በ1988 በአሜሪካ በበርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሲሊኮን የተሠራ፣ የሚዞረው ክፍሉ ስፋት ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ የሆነ ሞተር አሽከረከሩ። ይህን ሞተር የሚያዞረው ኤሌክትሪክ የተሞሉ ነገሮች የሚሳሳቡበት ኀይል ነው፤ ይኸውም ኩሎምብ በ1785 የለካው ነው። እንዳይዞር የሚይዘው ደግሞ ሰበቃ ነው፤ ይኸውም ኩሎምብ በ1781 የለካው ነው። ሁለቱ የሕይወቱ ሥራዎች በዐይን በጭንቅ በምትታይ አንዲት መኪና ውስጥ ተገናኝተው ይታገላሉ።

በዚህ ትግል ውስጥ ያቺ ያልተሰረዘችው ትንሽ ክፍል፣ መጣበቅ ማለት ነው፣ ጌታ ሆና ትገኛለች። ምክንያቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ መኪና በቁመቱም በወርዱም በውፍረቱም አንድ ሺህ ጊዜ ቢያንስ ገጹ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያንሳል፤ ክብደቱ ግን አንድ ሺህ ሚሊዮን ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ከክብደቱ ጋራ ሲመዛዘን የገጹ ነገር አንድ ሺህ ጊዜ ይበረታል። ለመርከብ ገንቢ ከቁጥር የማይገባው መጣበቅ ለጥቃቅን መኪና ሠሪ ዋናው ጠላት ነው። ከአየሩ እርጥበት የሚመጣ ቀጭን የውኃ ሽፋን ሁለት ገጾችን አጣብቆ ሊያስቀራቸው ይችላል። ለጋሪ መንኰራኩር የሚበጀው ዘይትም በዚያ ጥበት ውስጥ እንደ ማር ይወፍርባቸዋል።

እንዲህ ያለውን ሰበቃ እንዴት ይለኩታል? ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ትንሹን ጎማ አሽከርክሮ ኀይሉን ማቋረጥና እስኪቆም ድረስ አካሄዱን በማይክሮስኮፕ ወይም በብርሃን መከታተል ነው። ይህ የብርጭቆው ክዳን ሙከራ ነው። ሌላው ዘዴ በ1987 በካሊፎርኒያ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ የምርምር ቤት የተጀመረው ነው። እጅግ የቀጠነ ጫፍ በገጹ ላይ ይጐተታል፤ ሰበቃውም ጫፉን የያዘውን ቀጭን ዘንግ ወደ ጎን ያጐብጠዋል። ቈይተው በተሠሩት መሣሪያዎች ዘንጉ ሲጠመዘዝ የጥምዘዛው መጠን በላዩ ላይ ተንጸባርቆ በሚመለስ ብርሃን ይነበባል። ይህም የጥምዘዛ ሚዛኑ ሐሳብ ነው።

ከዚህም በላይ፣ መሐንዲሶች ሰበቃውን ማሸነፍ ባልቻሉበት ቦታ ኩሎምብ ለኮምፓሱ ያደረገውን አደረጉ። በእጅ ስልክ ውስጥ ስልኩ መዘንበሉንና መንቀሳቀሱን የሚያስታውቅ ጥቃቅን መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ ኩሽኔታም፣ የሚፋተግ ጫፍም የለውም። የሚንቀሳቀሰው ክፍል በቀጫጭን የሲሊኮን ምንጮች ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሐሩ ሲሊኮን ሆነ እንጂ መላው ያው ነው።

ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወጣቶች ከዚህ ሰው ሕይወት ምን ያገኛሉ? ሥራ በተጀመረ ቍጥር እምቢ የሚል ነገር አይጠፋም። አንዳንዱ ሰው እንቅፋቱን ይረግማል፤ አንዳንዱም ሪፖርቱ እንዲያምር እንቅፋቱን ከወረቀቱ ያወጣዋል። ኩሎምብ ግን በአፈሩም፣ በሣንቃውም፣ በብሬታኝ የውኃ መንገድም፣ በመርፌው ጫፍም ያደረገው አንድ ነገር ነው። የሚቃወመው ነገር ስንት እንደ ሆነ ለካ፤ ያገኘውንም ቍጥር ትልቁን ከትንሹ ጋራ ሳይቀንስ ጻፈ። በሱ ዘመን ማንም ያልፈለጋት ትንሽዋ ቍጥር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ፈላጊ አግኝታለች። ዛሬ ሪፖርት ለመጻፍ ወይም የላቦራቶሪ ሙከራ ለመመዝገብ የተቀመጠ ወጣት፣ ውጤቱን ያበላሻል ብሎ ሊተዋት ያሰባትን ቍጥር አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲመለከታት እንመክራለን።